መሐል ሜዳ ልጣል

ከዓለም ከተማ እስከ መሐል ሜዳ፣ ከመሐል ሜዳ እስከ ግሼ ጥግ ድረስ የአመተሥላሴን ድምፅ የማያውቅ ፍጡር ካለ እሱ ገና አልተወለደም። አፏን ስትከፍት ከጀማ ሸለቆ ማዶ የሚያርሰው ገበሬ እርፉን ይዞ ይቆማል፤ በሬዎቹም እስክትጨርስ ንቅንቅ አይሉም። ፈንታ ደግሞ ማሲንቆውን ሲገዘግዘው የመንዝ ውርጭ ከእነ ትዕቢቱ ይቀልጣል። ሁለቱ አብረው የቆሙበት ሠርግ ላይ ጠላው ሳይቀዳ ሰው ሰክሮ፣ ሙሽራው ተረስቶ፣ ሚዜዎቹ ማንን እንዳጀቡ ጠፍቷቸው ያውቃል።

ያን ዕለት ጠዋት ግን፣ ከዓለም ከተማ ተነስቶ ወደ መሐል ሜዳ በሚያቃስተው ሚኒባስ ውስጥ፣ ያቺ አገር የምታቆም ሴት በመስኮቱ ጥግ ተኮራምታ የነጠላዋን ጥለት ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች፣ መልሳ ትጠቀልላለች። ፈንታ ከጎኗ አልተቀመጠም። ከፊት፣ ሹፌሩ አጠገብ፣ ማሲንቆውን እንደ ሕፃን ጭኑ ላይ አስተኝቶ መንገዱን ያያል። አልፎ አልፎ በመስተዋቱ ውስጥ ዓይኑ ዓይኗን ይፈልጋል። ሲያገኘው ሁለቱም እሳት እንደነካቸው ይሸሻሉ።

«አመቲዬ!» አለ ሹፌሩ ዮሴፍ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ እንዳመላለሳቸው እሱና ጎማው ብቻ ናቸው የሚያውቁት። «ዛሬ ምነው ዝም? ይቺ መኪና ያላንቺ ዘፈን ዳገት አትወጣም እኮ!»

«ነዳጅ ቅዳላት።»

«ነዳጅማ ትጠጣለች፤ ያጣችው ሞራል ነው። አንድ ግጥም ጣል አድርጊባት እስቲ!»

ጣል። አመተሥላሴ ጥለቱን ለቀቀችው። ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ይቺ ቃል በየሄደችበት እየተከተለች ትነድፋታለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለቱ ሲሠሩ ግጥሙ የፈንታ፣ ድምፁ የእሷ ነው። ፈንታ ማሲንቆውን እየገዘገዘ ወደ ጆሮዋ ዘንበል ይልና ስንኙን ያቀብላታል፤ እሷም ከአፉ ተቀብላ፣ ሳትመዝን፣ ሳታመነታ ትለቀዋለች። ትርጉሙ የሚደርሳት ከሕዝቡ ጋር እኩል ነው። ሕዝቡ ሲስቅ እሷም ትስቃለች፤ ሕዝቡ ሲያለቅስም ያኔ ታለቅሳለች። ፈንታ በዚህ መንገድ ስለ ዝናብ፣ ስለ ዳኛ፣ ስለ ምቀኛ፣ ስለ ሌላ ሰው ፍቅር ያላቀበላት ነገር የለም።

«የመንዝማ ብርዱ በርኖስ ይበቃዋል፣
የልቤንስ ብርዱን እሳት ያሞቀዋል?»

ይህን ያቀበላት ቀን ሌሊቱን ሙሉ ጉንጯ ሲነድ አድሯል። ለእሷ ለራሷ በተራ ቃል የነገራት ግን «ማሲንቆዬን ያዥልኝ» እና «በርኖሱን ደርቢው፣ ይበርድሻል» ብቻ ነው። እንዋደዳለን ተባብለው አያውቁም። በየሄዱበት እሷ ከሴቶቹ ጋር፣ እሱ ከወንዶቹ ጋር ያድራሉ፤ ማለዳ ሲገናኙ የሁለቱም ዓይን እንቅልፍ ያላየ ይሆናል።

ከትናንት በስቲያ ዓለም ከተማ ላይ፣ ሠርጉ ሞቆ እያለ፣ ፈንታ ሕዝቡን ትቶ እሷን ብቻ እያየ ተጠጋት። ስንኙን ሰጣት፤ እሷም እንደ ልማዷ ወደ ዳሱ ጣሪያ አጎነችው፦

«አገር ላገር መዞር ሰለቸኝ ደከመኝ፣
መሐል ሜዳ ልጣል ከእንግዲህስ በቃኝ።»

ዳሱ በጭብጨባ ተናወጠ። አመተሥላሴም ከዳሱ ሰው ጋር ሰማችውና በቆመችበት ደሟ ረጋ።

ሌላ ሴት ብትሆን ዝም ብላ ታልፈው ይሆናል። እሷ ግን የመሪጌታ ተክለጻድቅ ልጅ ናት። መሪጌታ በቀየት ደብር የቅኔ መምህር ናቸው፤ ተማሪ ከጎጃም ድረስ ጨርቁን ጥሎ የሚመጣላቸው፣ ዝንብ ስትበር እንኳ ሰሟንና ወርቋን ለይተው የሚናገሩ ሊቅ። አንዲቷን ልጃቸውን በጉባኤው ደጃፍ እያስቀመጡ፣ «ስሚ፣ አትናገሪ» እያሉ አሳድገዋታል። ስለዚህ አንድ ቃል ስትሰማ ማላላት፣ ማጥበቅ፣ መሰንጠቅ ሥጋዋ ውስጥ አለ። «ልጣል» ላልቶ ሲነበብ፣ አውጥቼ ልወርውር ነው። ጠብቆ ሲነበብ፣ እኔው ልወርወር፣ ሰው ይተወኝ ነው። መሐል ሜዳ ከተማው ነው፤ መሐል ሜዳ ደግሞ ዛፍ የሌለበት፣ ጥላ የሌለበት፣ ሰው ሰውን ትቶት የሚሄድበት ባዶ ሜዳ ነው። በየትኛውም ብትፈታው ያው ነው። ሰለቸኝ፣ በቃኝ፣ ልጣል። ሰሙ መንገድ፣ ወርቁ መለያየት።

አባቷም ብለዋት ነበር። የአዝማሪ ዘር የሆነውን ፈንታን ተከትላ ከቤት የወጣች ዕለት መቋሚያቸውን መሬት ላይ ወግተው፣ «የሊቅ ልጅ የአዝማሪ ኮቴ ተከትላ! ሂጂ! ይህ ሰው አንድ ቀን ሜዳ ላይ ይጥልሻል!» ብለው በሩን ዘጉ። ከዚያ ወዲህ ቃል አልተለዋወጡም።

ሚኒባሱ ቆላውን ጨርሶ ደጋው ላይ ሲወጣ ነፋሱ በመስኮቱ ስንጥቅ ገባ። የገብስ ክምር በየሜዳው ጀርባውን ሰጥቶ ተኮራምቷል። በጉ፣ ድንጋዩ፣ ሰማዩ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆኗል።

«እሺ አርቲስቶች፣» አለ ዮሴፍ ማርሽ እየቀየረ፣ «የት ልጣላችሁ?»

ፈንታ በመስተዋቱ አያት። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «መሐል ሜዳ ጣለን፣» አለ።

አመተሥላሴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። መስታወቱ በትንፋሿ ጉም ለበሰ፤ እሷም እንዳይጠራ ደግማ ተነፈሰችበት።

*

መሐል ሜዳ የጠሯቸው የገዛ አክስቷ ናቸው። እትዬ ደብሪቱ የመሪጌታ ታናሽ እህት ሲሆኑ ልጃቸውን ምስክርን ሊድሩ ነው። ድምፃቸው ከገበያው ጫፍ ቢነሳ ከሌላው ጫፍ በግ ያስበረግጋል።

«መጣሽልኝ የኔ ሆድ!» አሉና አገላብጠው ሳሟት። «ነይ ግቢ፣ ጠጄን ቅመሺልኝ። ራሴ ነኝ የጣልኩት!»

«እርስዎም ጣሉ?» አለች አመተሥላሴ ሳታስበው።

«ምን ትላለች ይቺ! ጠጅ ይጣላል እንጂ ይተከላል እንዴ? ምነው ፊትሽ አመድ መሰለ?»

«መንገዱ ነው።»

«መንገድ ሰው አያገረጣም። ሰው ነው ሰውን የሚያገረጣው።» ወደ ጆሮዋ ተጠጉ፤ የሳቸው ሹክሹክታ ግን ጎረቤት ይሰማል። «ነገ አባትሽ ይመጣሉ።»

አመተሥላሴ ብርሌውን ልትለቀው ምንም አልቀራት።

«እኔ እንዳለሁ ያውቃሉ?»

«ማን ይነግራቸዋል? ቢያውቁማ ታመምኩ ብለው ይቀሩ ነበር። የእህታቸው ልጅ ሠርግ ነው፤ መምጣት ግዴታቸው ነው። ከገቡ በኋላ መውጫው የኔ ነው። በሩ ላይ በርጩማ አድርጌ እቀመጣለሁ፤ ረግጠውኝ ይውጡ!»

«እትዬ፣ ምን አደረጉ? ነገ እኮ...» ነገ ፈንታ ይጥለኛል፤ አባቴም ትንቢታቸው ሲፈጸም በዓይናቸው ያያሉ ብላ ለማን ትናገር?

መቀመጥ አልቻለችም። ሽንኩርት ልክተፍ ብላ ጀመረች፣ ተወችው። ሳር ልጎዝጉዝ ብላ አንድ እቅፍ ይዛ ግቢውን ዞረችና እዚያው ደፋችው። ከበጎቹ ጉሮኖ ጀርባ ስትደርስ የፈንታን ድምፅ ሰማች። በስልክ ነበር የሚያወራው፣ እጁን አፉ ላይ አድርጎ።

«አዎ፣ እዚሁ መሐል ሜዳ ላይ ነው የምጥለው... ኧረ ቆርጫለሁ! ... አይ፣ እሷ ገና አልነገረችኝም። ዝም ብላለች... አይ ለማንም እንዳትናገር፣ በእግዜር!»

የጉሮኖው ግድግዳ ወደ እሷ የመጣ መሰላት። ቆርጫለሁ አለ። በነጠላዋ አፏን ይዛ ቆመች። ከዚያ ደግሞ የሊቅ ልጅነቷ ይሁን የመንዝ ደሟ፣ አንድ ነገር ሽቅብ ገፋትና ፊት ለፊቱ ወጣች።

ፈንታ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ረጅም፣ ቀጭን፣ እንደ ማሲንቆው ጭራ የተወጠረ ሰው ነው። በርኖሱን ከትከሻው አውልቆ ሊያለብሳት እጁን ሲዘረጋ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

«ይበርድሻል፣» አለ።

«ይብረደኝ።»

እጁ በርኖሱን እንደያዘ አየር ላይ ቀረ።

«አመቴ... የዓለም ከተማውን ግጥም ሰምተሽዋል?»

«ከአፌ እኮ ነው የወጣው።»

«መስማትሽን አልጠራጠርም። ገብቶሻል ወይ?»

«የመሪጌታ ልጅ መሆኔን ረሳኸው? እንኳን ያንተን፣ የማይገባም ይገባኛል።»

ዓይኑ ፊቷ ላይ ከወዲያ ወዲህ ይሮጣል፣ ቤቱ የተዘጋበት ሰው መስኮት እንደሚፈልገው። «እና... ምን አልሽ?»

ምን አልሽ ይለኛል! ሊጥለኝ ነው፣ ፈቃዴንም ይጠይቀኛል! አመተሥላሴ አንገቷን ቀና አደረገች፤ ከንፈሯ እንዳይንቀጠቀጥ ነክሳ ያዘችው።

«ምን እላለሁ? ያሰብከውን አድርግ። እኔ እንደሆነ ከልጅነቴ ነግረውኛል፣ ከአዝማሪ ሌላ አይጠበቅም።»

የፈንታ ፊት ላይ የነበረው ሁሉ ጠፋ። በጥፊ የተመታ ሰው እንኳ እንዲያ አይሆንም፤ በጥፊ የተመታ ሰው ቢያንስ ይቆጣል።

«ይህ ነው መልስሽ?»

«ይህ ነው።»

በርኖሱን አጣጥፎ ክንዱ ላይ አደረገው። እንደገና ሊለብሰው እንኳ አላሰበም። «ገባኝ፣» አለ በዝግታ። «የነገውን ግን አብረን እንወጣዋለን። የሰው ሠርግ ነው።»

ሄደ። አመተሥላሴ የጀርባውን መጉበጥ አየችና፣ አፍሮ ነው፣ አለች ለራሷ። እንዲያ ካለች በኋላ ለምን እንደምታለቅስ ለራሷም አልገባትም።

*

የምስክር ዳስ በመንዝ ታሪክ እንደሱ ያለ አልተጣለም ተባለ። ዳር ላይ የተቀመጠው ሰው መሐል ላይ ያለውን ዘመዱን በስልክ ነበር የሚያገኘው። ካህናቱ ከላይ፣ በምንጣፍ ላይ ተደርድረዋል። ከመካከላቸው መሪጌታ ተክለጻድቅ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው ተቀምጠዋል። ጢማቸው ከሁለት ዓመት በፊት ዳማ ነበር። አሁን በረዶ ሆኗል።

ማሲንቆው ሲሰማ ግንባራቸው ተቋጠረ። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ያሰረችው ዘፋኝ ስትዞርና ልጃቸው ስትሆን ደግሞ ዓይናቸውን ወደ ዳሱ ጣሪያ ሰቀሉት። ብድግ ሊሉ ጀመሩ።

«ወንድምዬ!» አሉ እትዬ ደብሪቱ በሩ ላይ በርጩማቸው ላይ ተደላድለው። «የልጄን ዳስ ትተው ቢወጡ፣ ዛሬውኑ እዚሁ ነው የምቀበረው! ፍታቱንም እርስዎ ነዎት የሚያደርሱት!»

መሪጌታ ተቀመጡ። ወደ ጣሪያው ማየታቸውን ግን አልተዉም።

ፈንታ መታ። አመተሥላሴ ጆሮዋን ወደ እሱ አዘነበለች፤ ልማድ ነው። ፈንታ ግን አልተጠጋም። አንገቱን ማሲንቆው ላይ ደፍቶ ይገዘግዛል፣ አንድም ስንኝ አይሰጣትም። አብረው መሥራት ከጀመሩ ወዲህ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ዜማው አንዴ ዞረ፤ ደግሞ ዞረ፤ አፏ ባዶ ነው።

«ተቀበይ እንጂ!» አለ አንድ ጎረምሳ።

«ማሲንቆው አቀበለ፣ ዘፋኟ ደረቀች!» አለ ሌላው፤ ሳቅ ሆነ።

እሷ ሳቁን አልሰማችም። የሚታያት የፈንታ ያጎነበሰ አንገትና ጣሪያ የሚያዩት የአባቷ ጢም ነው። ጥሎኛል፣ አለች። እዚሁ፣ በአባቴ ፊት፣ መሐል ሜዳ ላይ። እንግዲያው አፌን ዘግቼ አልጣልም! ትንፋሿን ስትስብ የዳሱ አየር የጎደለ መሰለ። ጮክ አድርጋ፣ የዓለም ከተማውን ስንኝ ራሱን ለቀቀችው፤ አስከትላም የራሷን፣ ማንም ያላቀበላትን፦

«አገር ላገር መዞር ሰለቸኝ ደከመኝ፣
መሐል ሜዳ ልጣል ከእንግዲህስ በቃኝ።

ያባቴን ምክር ቃል ያልሰማሁ ለታ፣
ሜዳ ላይ ወደቅሁኝ ባመንኩት በፈንታ።»

ጠጅ የሚቀዳው ሰው መቅጃው እጁ ላይ እንዳለ ቀረ። ፈንታ ቀና አለ፤ ማሲንቆው በመሐል ተቋረጠ። «ወደቅሁኝ?» አለ፣ ከንፈሩ ብቻ እየተንቀሳቀሰ።

በዚህ መሐል ነው መቋሚያው መሬት የመታው።

«ተሳስተሻል!»

መሪጌታ ቆመዋል። ዓይናቸው ከጣሪያው ወርዷል፤ የሚያየውም እሷን ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ለልጃቸው የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር።

«ሁለተኛው ይሁን፣ የገዛ ልቅሶሽ ነው። የመጀመሪያውን ግን አበላሽተሽ ፈታሽው! ማነው የተናገረው?»

«እ... እሱ ነው፣» አለች፣ እንደ ልጅነቷ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ።

«ልጣል አለ። ልጣልሽ ብሏል?»

«አላለም።»

«ልጣላት ብሏል?»

«አላለም፣ አባዬ።»

«ታዲያ ተሳቢው የታል? ማሰሪያው ቆሞ ተሳቢው ሲጠፋ ምን ይደረጋል? ይፈለጋል! የት ይፈለጋል? በዘመኑ፣ በቦታው! ለዚህ ነው ወይ ደጃፌ ላይ ያሳደግሁሽ?» መቋሚያቸው አየር ላይ ተነሳ፤ ጉባኤያቸው ላይ ያሉ ነው የመሰላቸው፣ ሠርግ፣ ሙሽራ፣ ደብሪቱ፣ ሁሉም ጠፍቶባቸዋል። «ወሩ ጥር ነው! ቦታው ሠርግ ቤት ነው! ያላገባ ጎረምሳ መንከራተት ሰለቸኝ ብሎ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ላይ፣ በጥር ወር የሚጥለው ምንድን ነው? እኮ ምንድን ነው? ዳስ ነዋ! ዳስ ልጣል ነው የሚለው! ላግባሽ ነው የሚልሽ፣ አንቺ ድንጋይ!»

መሪጌታ የተናገሩትን ከዳሱ ሰው ሁሉ መጨረሻ የሰሙት ራሳቸው ነበሩ። መቋሚያቸው እንደተነሳ ቀረ።

«እኔ...» አሉ። «እኔ ግጥሙን ፈታሁ እንጂ ልጄን አልሰጠሁም!»

ሳቁ ዳሱን ሊያነሳው ምንም አልቀረው። እትዬ ደብሪቱ ከበርጩማቸው ላይ የለቀቁት እልልታ ግሼ ድረስ ተሰምቶ፣ እዚያ ያሉ ሴቶች ለምን እንደሆነ ሳያውቁ ተቀበሉት ይባላል።

አመተሥላሴ ግን ሳቁም እልልታውም ከውኃ በታች ሆኖ ነው የሚሰማት። ወደ ፈንታ ዞረች።

«እውነት ነው?»

«በስልክ ድንኳን እየተከራየሁ ነበር እኮ!» አለ ፈንታ፤ ድምፁ ተሰነጠቀ። «አንቺ የመሪጌታ ልጅ፣ ይህ ጠፍቷት ነው ብዬ እንዴት ልጠርጥር? ሰምታ ዝም አለች፣ ከዚያ ከአዝማሪ ሌላ አይጠበቅም አለች። ናቀችኝ አልኩ።»

«እኔ ናቅሁህ?»

«ታዲያ ምን ልበል?»

ሦስት መንገድ ፈትታው ነበር። አላልታ፣ አጥብቃ፣ ሰንጥቃ። ዓይን ያላት ሴት ሁሉ የምታየው፣ በላይዋ ላይ የተዘረጋው ዳስ ነው ያመለጣት።

ከካህናቱ መሐል አንዱ ወደ መሪጌታ አዘነበሉና፣ «መሪጌታ፣ የአዝማሪ ልጅ ነው እኮ፣» አሉ፣ ቀስ ያሉ መስሏቸው።

«አውቃለሁ!» አሉ መሪጌታ በቁጣ። ከዚያ፣ ከፊተኛው በባሰ ቁጣ፣ «ግን አልሰማህም? በአንዲት ቃል ሦስት በር ከፍቶ በአራተኛው ገባ! ደጄን የጠረገው ተማሪ ሁሉ ይህን ያህል አራቅቆ ተቀኝቶልኝ አያውቅም። ይኸው ነው የሚያናድደኝ!»

አመተሥላሴ ወደ አባቷ ሄደች። በካህናቱ ፊት ወድቃ የአባቷን ጉልበት ያዘች። የነጠላቸው ሽታ፣ የመጽሐፍና የጧፍ ሽታ፣ ልጅነቷን አመጣባት። መሪጌታ እግራቸውን አልሰበሰቡም፤ እጃቸውንም አላነሱላትም።

«ምን ፈለግሽ?» አሉ፣ ከራሷ በላይ እያዩ።

«ከርስዎ ቤት የሚደርሰኝ ካለ፣» አለች፣ «መሬቱንም በጉንም አልጠይቅ። ፈንታዬን ይስጡኝ።»

ዳሱ ሲገባው ጮኸ። የመሪጌታ ጢም ከወዲያ ወዲህ ተንቀሳቀሰ። ቁጣ እንዳይሉት ቁጣ አይደለም፤ ሳቅ እንዳይሉት ዓይናቸው ረጥቧል። እጃቸው ወርዶ ጸጉሯን ነካና፣ እንዳልነካ ሆኖ ተመለሰ።

«ይቺኛዋ ቅኔ፣» አሉ፣ «ይቺኛዋስ አልከፋችም።»

መቋሚያቸውን ይዘው ወደ በሩ ሄዱ። እትዬ ደብሪቱ አሁን በርጩማቸውን ራሳቸው አነሱላቸው። መሪጌታ ደፉ ላይ ሲደርሱ ቆሙ፤ ፊታቸውን ግን አላዞሩም።

«ለመሆኑ ይህ ልጅ ሽማግሌ የለውም?» አሉ ማንንም ሳያዩ። «የሰው ልጅ በማሲንቆ ነው እንዴ የሚጠየቀው? ሽማግሌዎቹ ቀየት ድረስ ሲመጡ... ግጥም እንዳይናገሩ ንገሩልኝ። እምቢ ማለት ያቃተኝ በዚህ ነው።»

ወጡ። ነጭ ጋቢያቸው በሜዳው ላይ እየራቀ ሲሄድ እርምጃቸው እንደ ሁልጊዜው ቀጥ ያለ አልነበረም። አመተሥላሴ በተንበረከከችበት ሆና አየቻቸው። ደስታ እንዲህ እንደ ቁስል የሚጠዘጥዝ መሆኑን ማንም ነግሯት አያውቅም።

*

ከዳሱ ጀርባ፣ በገብስ ክምሩ ጥግ፣ ነፋሱ አላረፈም። አመተሥላሴም አላረፈችም። ወደ ክምሩ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ ነጠላዋን ታስራለች፣ ትፈታለች። ፈንታ ማሲንቆውን ዳስ ውስጥ ትቶ ነው የመጣው። ባዶ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት አንዴ ኪሱ፣ አንዴ ብብቱ ውስጥ ይከታል። በስንቱ ሠርግ ላይ ሹማምንት ያላሸነፉት አፍ፣ በአንዲት ሴት ፊት ተሳስሯል።

«ተናደድሽ?»

«አዎ።»

«በማን?»

«በሁላችሁም! ባንተ፣ በአባቴ፣ በራሴ። ምናለ በተራ ቃል ብትነግረኝ? ሹፌሩ ዮሴፍ እንኳ የት ልጣልሽ ሲል የት ልጣልሽ ማለቱ ነው!»

«ፈራሁ።»

«ምኑን?»

«በተራ ቃል ከነገርኩሽ በኋላ እምቢ ብትዪ፣ ሌላ ትርጉም ነበረው ብዬ የማመልጥበት አይኖርም።»

ቆመች። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን አየችው፤ እንደ ግጥም ሳይሆን እንደ ፊት። ቅንድቡ ላይ የገብስ አቧራ አለ። ከንፈሩ ከብርዱ የተነሳ ተሰንጥቋል። በርኖሱን አልለበሰም።

«አሁንስ?» አለችው።

«አሁንማ ማሲንቆም የለኝ፣» አለ ፈንታ። አንዴ ወደ ሜዳው፣ አንዴ ወደ እግሩ፣ በመጨረሻ ወደ እሷ አየ። «አመቴ።»

«ወይ።»

«እወድሻለሁ።»

አመተሥላሴ እንደ ልማዷ ቃሉን ተቀበለችው። አላላችው። አጠበቀችው። ከመሐሉ ሰነጠቀችው፣ ከጫፉ ቀነሰችለት፣ ገልብጣ ከሥሩ አየች። ምንም የለም። መውጫ በር የለው፣ መደበቂያ ጓዳ የለው፤ ቃሉ ራቁቱን በነፋሱ ውስጥ ቆሞ ያያታል። መሮጥም፣ እዚያው መቅረትም በአንድ ጊዜ አማራት።

«ድገመው፣» አለች።

ደገመው። አሁንም ከሥሩ ምንም አልነበረም። ያኔ ነው ያለቀሰችው።